የወይዘሮ በየነች እርሾ፦ ወደ ጨንቻ የሄድኩበት ሳምንት

ከተመለስኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ቁጣዬ በርዶልኝ በሰከነ ልብ ልጽፈው ብዬ ጠበቅሁ፤ አልበረደም። እንግዲህ እንዳለ ይጻፍ።

አዲስ አበባ ውስጥ ባንድ የምርምር ላቦራቶሪ የምሠራ ቴክኒሻን ነኝ። ሥራዬ ባክቴሪያ ማርባት ነው። ሌላው ሰው ላምና ዶሮ እንደሚያረባ እኔ በዓይን የማይታዩትን በብልቃጥ አበላለሁ፣ አሞቃለሁ፣ እቆጥራለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ጎጃም፣ ቢቸና ስለሆነ እንሰት የሚባለውን ተክል ሠላሳ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ የሙዝ ዘመድ ነው ከማለት በቀር አላውቀውም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከጉዞው አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ አካባቢ አንድ ጤና ረዳት በጃም ብልቃጥ ዝልግልግ ነገር ላከልን። እሳት የፈጃቸው ሰዎች ቁስላቸው ላይ ይህን ቀብተው ወደሱ እንደሚመጡ፣ ቁስሉም ሳይመግል እንደሚሽር ጽፎ ነበር። ከቆጮ እርሾ የወጣ ነው። ከዚያ ውስጥ አንዲት ባክቴሪያ ለይቼ አወጣሁ። ስኳር ስትበላ ስኳሩን እንደ ጥጥ ትፈትለዋለች፤ ረጅም ክር ታደርገዋለች። ክሩ ውኃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ከዚያ ዶክተር ማርቲን የሚባል የውጭ አገር ተመራማሪ መጣና ባክቴሪያዋን ወደ አገሩ ወሰዳት። የመፍተል ችሎታዋን የያዘውን ጂን ቆርጦ ቶሎ በምትራባ ሌላ የላቦራቶሪ ባክቴሪያ ውስጥ ከተተው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ አልዋሽም። ክሩን በበርሜል አምርቶ ውኃ አቅፎ የሚይዝ ለስላሳ ጄል ሊሠራና ለተቃጠለ ሰው ቁስል መሸፈኛ ሊያደርገው ነው። ነገር ግን ተሠርታ የወጣችው ባክቴሪያ አስቸገረችው። ዓይን ከላይዋ ሲነሣ የተጫነባትን ባዕድ ጂን አሽቀንጥራ ትጥላለች፤ ሳትጥል የፈተለችውም ጄል አይረጋም፣ ይፈሳል። በዚህ መሐል ዋናዋ ባክቴሪያ በሱ ዘንድ ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ሞተች፤ በእኛም ዘንድ መብራት ጠፍቶ ሞተች። ስለዚህ አዲስ ለመውሰድ መጣ፤ አለቃዬም አብሬው እንድሄድ አዘዘኝ።

ሰኞ

በማለዳ ወጣን። ሦስት ነበርን፦ ሾፌሩ አቶ ግርማ፣ ዶክተሩና እኔ። ዶክተሩ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ከበረዶ ሳጥኑ ጋር። ሞጆን እንዳለፍን ዶክተሩ አንድ ገጽ ወረቀት አቀበለኝ።

“መንገዱ ረጅም ነው፤ እስከዚያ ወደ አማርኛ መልሺልኝ” አለ። እርሾውን የምትሰጠን ሴት የምታትምበት ወረቀት ነው። መኪናው እያንገጫገጨኝ እንዲህ ብዬ መለስኩት፦ “ከታች በአውራ ጣቴ ያተምኩት እኔ፣ የሰው ድካም ያልታከለበትን የተፈጥሮ ነገር በፈቃዴ ለዘለዓለም ሰጥቻለሁ። ነገሩ ለምን እንደሚውል ዕውቀት የለኝም። ወደፊትም ጥያቄ አላነሣም።”

“ዕውቀት እንደሌላት በምን አወቅህ?” አልኩት። “ገና አላየናትም እኮ።”

“የተለመደ አጻጻፍ ነው” አለኝ፣ ወደ ኋላ እንኳ ሳይዞር።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ደሜ ፈላ። ሻሸመኔ ምሳ ቀርቦ ክትፎውን ወደ አቶ ግርማ ገፋሁት፤ የኔን ድርሻ ጨረሰልኝ። ሶዶ የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። አልቤርጎው ቆሻሻ ባይሆንም ብርድ ልብሱ ስስ ነበር። ባለቤቲቱ ስንቀጠቀጥ አይታ ከራሷ አልጋ ጋቢ አንሥታ አለበሰችኝ። “ያገርሽ ብርድ ይብሳል አሉ፤ የኛ ምን አረገሽ?” ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ የቢቸና ብርድ ይብሳል። የቢቸና ብርድ ግን አይረጥብም፤ የሶዶው አጥንት ውስጥ ገብቶ ያድራል።

ማክሰኞ

ከሶዶ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን። በስተግራ አባያ ሐይቅ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ከዝናብ በኋላ የዓባይ ውኃ እንደዚያ ነው። ጫኖ ስንደርስ የኋላ ጎማችን ተነፈሰ። አቶ ግርማ ክሪኩን ሲያስገባ መሬቱ ጭቃ ነበርና ክሪኩ መኪናውን በማንሣት ፈንታ ራሱ ሰመጠ።

ባጠገቡ የመስኖ ማሳ ያለው ሳዶ የሚባል ገበሬ ሥራውን ትቶ መጣ። አይቶን ተመለሰ፤ የሄደ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ከቤቱ በር የነቀለውን ወፍራም ሳንቃ ተሸክሞ መጣና ከክሪኩ ሥር አነጠፈው። ዶክተሩም እጅጌውን ጠቅልሎ ጭቃ ውስጥ ተንበረከከ፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ በደል ነው፤ ሰነፍ ሰው አይደለም። ሳዶ ጎማው እስኪቀየር ማንጎ ልጦ ያበላን ጀመር። ማንጎ እኔ በልጅነቴ በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ የማውቀው ነው፤ እሱ እንደኛ አገር ድንች ያስበዋል። ዶክተሩ ለማንጎው ማመስገኛ ብሎ ብዕር ሰጠው። ሳዶም ብዕሩን አገላብጦ አይቶ፣ “የሚጻፍ ነገር አለህ?” ብሎ ጠየቀው። አልነበረውም። ብዕሩን መለሰለትና ሳንቃውን ይዞ ሄደ።

አርባ ምንጭ፣ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ላይ አረፍን። ከሆቴሉ ደጃፍ ሁለቱ ሐይቆች ይታያሉ፤ ደስ ይላል፤ ግን ስለነሱ የጻፈ ሞልቷልና እኔ ስለ ራቱ ልንገራችሁ። የሆቴሉ እመቤት የዓሣ ለብለብ አቀረበች። ዓሣ ስበላ እሾህ ስለምፈራ ተቀምጣ እሾሁን አንድ በአንድ ለቀመችልኝ። ጎጃም ውስጥ ሆቴል ገብቼ እንዲህ ያደረገልኝ የለም።

ረቡዕ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ዳገቱ ጥምዝምዝ ነው። ታች ሙዝና ላብ፣ ላይ ቀርከሃና ጭጋግ፤ ባንድ ቀን ሁለት አገር። ጤና ረዳቱ አቶ ጴጥሮስ ከጤና ጣቢያው ደጃፍ ጠበቀን። ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። እኔን ሲያይ፣ “እትዬ አስናቀች፣ ደብዳቤዬን ያነበቡት እርስዎ ነዎት? አምላክ ይስጥልኝ፤ የሚያነብ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር” አለኝ።

በእግር ትንሽ ወርደን ከወይዘሮ በየነች ቤት ደረስን። ስድሳ ዓመት ይሆናታል፤ ረጅም ናት፤ እጇ ከእንሰት ጭማቂ የተነሣ ጠቁሯል። ከቀርከሃ ቤቷ ጀርባ እንሰቱ እንደ ጫካ ቆሟል። ጥቂት አማርኛ ታውቃለች፤ ወንድና ሴቱን ታቀያይረዋለች እንጂ የምትለው አይጠፋም። የቀረውን በጋሞኛ ትናገራለች፤ አቶ ጴጥሮስ ይመልስልናል።

ዶክተሩ አዲሷ ባክቴሪያ የሠራችውን ጄል በትንሽ ብልቃጥ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ሊያስደስታት ፈልጓል። እኔ እንዳስረዳት ጠየቀኝ። እንዲህ አልኳት፦ “ከእርሾሽ ውስጥ የምትፈትለዋን አገኘናት። የምትፈትልበትን ችሎታ ወስደን ቶሎ ለምትራባ ለሌላ ሰጠናት። ይህን የፈተለችው ያቺ ሌላዋ ናት።”

ወይዘሮ በየነች ጄሉን ቆርጣ ባመጣችው የእንሰት ቅጠል ላይ አፈሰሰችና ቅጠሉን ዘንበል አደረገችው። ወረደ።

“ይሄ ንፍጥ ነው” አለች በአማርኛ።

አስተርጓሚ አላስፈለገም፤ ዶክተሩ ከፊታችን አነበበው። እሷ ወደ ጓዳ ገብታ የራሷን በሌላ ቅጠል ይዛ ወጣች። ዘንበል ብታደርገው፣ ብትገለብጠውም አልወረደም፤ እንደ ጉበት ይንቀጠቀጣል እንጂ። ዶክተሩ በጣቱ ነካው፤ ድጋሚ ነካው። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ሁሉ መሣሪያ ያጣው ነገር አንዲት ሴት መዳፍ ላይ ተቀምጧል።

ወይዘሮ በየነች ለአቶ ጴጥሮስ ብዙ ነገር ተናገረች፤ እሱም ሳቁን እየያዘ መለሰልን። “‘ፈታይዋን ወሰዳችሁ፤ ሸማኔውንስ? ድርና ማግ ብቻውን ጋቢ ይሆናል ወይ?’ ትላለች። እዚህ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ ሁለቱ ካልተገናኙ ልብስ የለም ነው የምትለው።”

ለዶክተሩ በእንግሊዝኛ ነገርኩት። “ደስ የሚል ምሳሌ ነው” አለና ወረቀቱን አወጣ። እንዴት እንደምትሠራው አልጠየቃትም። የሚሞላው ቅጽ እንዴት ለሚለው ጥያቄ ቦታ አልነበረውም።

ወረቀቱን ቃል በቃል አነበብኩላት። አቶ ጴጥሮስ እየተረጎመ ሲሄድ ድምፁ እያነሰ መጣ። “የሰው ድካም ያልታከለበት” የሚለው ጋ ሲደርስ ቆመና፣ “እትዬ፣ ይህን ልበል?” አለኝ።

“በል። ያለውን በል” አልኩት።

አለ። ወይዘሮ በየነች ሁለት እጇን ዘርግታ መዳፏን አሳየችኝ። በእንሰት መፋቂያው የተቆረጠው፣ የደረቀው፣ የተሰነጠቀው ሁሉ እዚያ አለ። “ድካም የለም ያለው ማነው? እዚህ መጥቶ ያውቃል?” አለች። ዶክተሩ ወረቀቱን አጠፈ። እሷም ጣቷን አላተመችም፤ ነገር ግን አላባረረችንም። ቆጮ በአይብና በሚያቃጥል ዳጣ አቀረበችና፣ “ብሉ፤ እንግዳ ተቆጥተው አይሰዱትም” አለች። ዶክተሩ ሁለት ጊዜ አስጨመረ። እኔ በዳጣው ዓይኔ ሲያነባ ሳቀችብኝ።

ወደ መኪናው ስንመለስ አቶ ጴጥሮስ ቀስ ብሎ፣ “ስሟ ባሳተማችሁት የምርምር ጽሑፍ ላይ ወጥቷል? በደብዳቤዬ ላይ አስምሬበት ነበር” አለኝ። የመኪናውን በር ከፍቼ ገባሁ።

ዝናቡ ሳይይዘን ወደ ሴቻ ወረድን። ራት ላይ ግን ልቤ አልቻለም። “በጽሑፍህ ላይ ‘ከበሰበሰ ተክል የተገኘ፣ ሰጪው ያልታወቀ’ ብለህ ጽፈሃል። ስትበላ የዋልከውን ቆጮ ነው የበሰበሰ ያልከው? ያበላችህን ሴት ነው ያልታወቀች ያልካት?” አልኩት። ሌላ ሰው ዞሮ እስኪያየን ድረስ ጮኼ ነበር።

አልተቆጣም። ከቦርሳው አንድ ፎቶ ኮፒ አውጥቶ ገበታው ላይ አስቀመጠልኝ። የላቦራቶሪያችን መዝገብ ገጽ ነው። “የመጣበት፦ የበሰበሰ ተክል፣ ደቡብ። ሰጪ፦ ያልታወቀ።” ጽሕፈቱ የኔ ነው። ፊርማው የኔ ነው።

“ከዚህ ነው የገለበጥኩት” አለኝ።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ደብዳቤው ፊቴ ነበር፤ ስሟም ነበረበት። የሰንጠረዡ ዓምድ ጠባብ ነው፤ ስሙ ረጅም ነው፤ ሰዓቱም የምሳ ሰዓት ነበር። ሰኞ ከሞጆ ጀምሮ ስናደድበት የመጣሁትን ነገር በገዛ እጄ የጀመርኩት እኔ ነኝ። እመቤቲቱ እሾሁን ልትለቅምልኝ መጣች፤ ዓሣው እንዳለ ተመለሰ።

ሐሙስ

ጠዋት ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ ወርደን ከስልክ ቤት ለአለቃዬ ደወልኩ። ሴትዮዋ አላትምም ማለቷን፣ ወረቀቱም ልክ አለመሆኑን ነገርኩት። መሥመሩ ይንጫጫ ስለነበረ የተናገረውን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት።

“አንቺው አትሚበት! አውራ ጣት አውራ ጣት ነው፤ ማን ያውቃል?” ነው ያለው።

“እኔ አውቃለሁ” ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ለዶክተሩ አለቃዬ ያለውን ነገርኩት። ጫማውን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ “እኔ አልሰማሁም” አለ። አትሚ አላለኝም፤ አታትሚም አላለኝም። አንድ ጊዜ እንኳ “ልክ አይደለም” ቢል ኖሮ እስከዛሬ በክብር አነሣው ነበር። ያለ ወረቀቱ እርሾውን ከአገር ማስወጣት ስለማይችል ወደ አዲስ አበባ እንመለስ አለ። እኔ እንደማልመለስ ነገርኩት። አቶ ግርማ ሞተሩን ካስነሣ በኋላ ወረደና ካፖርቱን አውልቆ ሰጠኝ። “ጨንቻ ይበርድሻል፣ እህቴ። እኔ የምሄደው ወደ ሙቀቱ ነው” አለኝ። ውሸቱን ነው፤ የሚሄደው ወደ አዲስ አበባ ነው።

ጨውና ማንጎ ጭኖ በሚወጣ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ዳገቱን እንደገና ወጣሁት። አቶ ጴጥሮስ ያለ መኪናና ያለ ፈረንጅ ሲያየኝ ደነገጠ። ወይዘሮ በየነች ጓሮዋ ውስጥ እንሰት እየፋቀች አገኘናት።

“ስምሽን ያስቀረሁት እኔ ነኝ” አልኳት። “ፈረንጁ ከኔ ነው የገለበጠው። በመዝገቡ ላይ የበሰበሰ ተክል ብዬ ጻፍኩ፤ ላንቺ ቦታ ጠበበኝ።”

አቶ ጴጥሮስ ተረጎመ። መፋቂያዋን አስቀመጠች። የተናገረችውን እሱ ዓይኑን ሰብሮ ነገረኝ፦ “‘ለበሰበሰው ቦታ ነበራት፤ ለኔ አጣች?’”

በላቦራቶሪ አሥር ዓመት ሠርቼ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም። እሷ ግን በኀፍረቴ ተቀምጬ እንድቀር አልፈለገችም። “አንተ፣ ና። እጅ ታጠብ” አለችኝና መፋቂያውን ሰጠችኝ።

ቀኑን ሙሉ አሠራችኝ። ከተፋቀው ውስጥ የትኛው ለምግብ፣ የትኛው ለቁስል መድኃኒት እንደሚለይ አሳየችኝ። አዲሱን በቅጠል ጠቅልላ ከምድጃው አርቃ ሦስት ቀን ታሳድረዋለች። ከዚያ ቆጮው ከሚቀበርበት ጉድጓድ ሥር ከከረመው አሮጌ እርሾ አንድ እፍኝ ትጨምርበታለች፤ የሚረጋው ከዚህ በኋላ ነው። አሮጌውን ሳትጨምርበት ያስቀረችውን አሳየችኝ፤ እንደ ዶክተሩ ጄል ይፈሳል። ያን ጊዜ ሸማኔው ማን እንደሆነ ገባኝ። አዲሱ ውስጥ ያለችው ባክቴሪያ ክሩን ትፈትላለች፤ አሮጌው ውስጥ ያለ ሌላ ፍጥረት ክሩን እርስ በርሱ ይቋጥረዋል። ጂኑን የቱንም ያህል ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ብናዛውር አንደኛዋን ብቻ ይዘን ጄሉ ሊረጋ አይችልም ነበር። ይህን ሁሉ እሷ ታውቀው ነበር። ወረቀቱ “ዕውቀት የለኝም” ብለሽ አትሚ የሚላት ይህችን ሴት ነው!

ማታ ዋልድባ እንደዋለ መነኩሴ ደክሞኝ ደብተሬን አወጣሁና ስሟን ከነአባቷ ጻፍኩ፦ በየነች ዋዳ። አሳየኋት። ማንበብ ባትችልም አንድ መሥመር ብቻ መሆኑን አየች።

“ሌላስ?” አለች። “እርሾውን እኔ ፈጠርኩት እንዴ? አማቴ ናት የሰጠችኝ። የኔን ብቻ ከጻፍክ አንተም ሰረቅክ ማለት ነው።”

እሷ ተናገረች፣ አቶ ጴጥሮስ ተረጎመ፣ እኔ ጻፍኩ። አማቷ ከማን ተቀበለች፣ ያቺስ ከማን፤ አንዷ ለሠርጓ ያመጣችው ነው፤ አንዷ ቤቷ ተቃጥሎ እርሾው ሲጠፋ ከጎረቤት መልሳ ያገኘችው ነው። ሰባት ሴቶች ሆኑ። ስምንተኛዋን ስም እሷም አታስታውሰውም፤ “የተራራው ማዶ ሴት” ብለሽ ጻፊ ተባልኩ፤ ጻፍኩ።

ዓርብና ቅዳሜ

ዓርብ ማለዳ ሁለቱንም እርሾ፣ አዲሱንም አሮጌውንም፣ በሁለት ብልቃጥ ሰጠችኝ። “ለጎረቤት እንደሚሰጥ ነው የሰጠሁህ። ጎረቤት ደግሞ ሲቸግር ይመልሳል” አለች። ምንም አላተመችም፤ እኔም አልጠየቅኳት።

በአውቶቡስ ስመለስ አሮጌው እርሾ በሙቀቱ አየር ሞልቶ ሶዶ ሳንደርስ ክዳኑን በጥሶ ወጣ፤ ከፊቴ የተቀመጡትን ቄስ ቆብ አጠበው። እየተጨነቅሁ ይቅርታ ስል አሽትተው፣ “ቆጮ ነው? ታዲያ ምን አለበት፣ ልጄ፤ ትርፉን አጥብቀሽ ያዢ” አሉኝ። የተረፈውን ሶዶ ላይ ያችው ባለ አልቤርጎ በረዶ ፈልጋ አቀዘቀዘችልኝ። ቅዳሜ አዲስ አበባ ገባሁ።

ሁለቱን ባክቴሪያዎች ለየብቻ አወጣኋቸው፤ ከዚያ አብሬ አረባኋቸው። ጄሉ ረጋ። ብልቃጡን ገለበጥኩት፤ አልወረደም። በመዝገቡ ላይ ሰባቱን ሴቶችና የተራራው ማዶዋን ሴት ዓምድ አልፌ፣ ኅዳግ አልፌ ጻፍኳቸው። አለቃዬ መዝገብ አበላሸሽ ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠኝ። ዶክተር ማርቲን በበኩሉ ብልቃጡን እንድንልክለት ጽፏል፤ ስለ ሴቶቹ ግን ጽሑፉ ለዚያ ሁሉ ስም ቦታ እንደሌለው ገልጿል። አልልክም አልኩ። ከባክቴሪያ ክፍሉ አውጥተው ወደ ዕቃ ማጠቢያው አዛወሩኝ።

አሁን የላቦራቶሪውን ብልቃጥ ሁሉ የማጥበው እኔ ነኝ። የማይታጠቡት ሁለቱ የትኞቹ እንደሆኑም አውቃለሁ።